ለየኔታ የተነሣንበት ዓርብ

ባለፈው ሳምንት ለአክስቴ ልጅ ተስካር ወደ ቡሬ ልሄድ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝሁ። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። መንገዱ ግራና ቀኙ በቆሎ ብቻ ነው፤ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች በየኩርባው ከሰል አቀጣጥለው ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። ዜና አንባቢዋ የሆነ ባሕር ላይ ወጣቶች የጫነ ጀልባ መገልበጡን ስትናገር መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት «እኔን» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ረዳት ዝምታ የማይወድ ልጅ ነው መሰለኝ፣ ትናንት ማንኩሳ አጠገብ ገልባጭ መኪና ተገልብጦ መንገድ ተዘግቶ እንደዋለ ማውራት ጀመረ። «ገልባጩ ተገለበጠ» ሲል ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ የጀልባው ትዝ ብሎት አፈረና ወደ መስኮቱ ዞረ።

እኔ አርባ ዓመት ለጥቂት ጠመኔ ስፈጭ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ጡረታ ብወጣም ቃል ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። እስከ ቡሬ ድረስ ይህችን መገልበጥ የምትባል ቃል ሳብሰለስል ሄድሁ። የማትገባበት የለም እኮ። ተማሪ የጎረቤቱን ወረቀት ገለበጠ እንላለን፤ በዚህ ስንቱን ጆሮውን ይዤ አስነሥቻለሁ። ቢሮ ስትሄዱ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ግልባጭ ብለው የማያውቃችሁን ሰው ሁሉ ይደረድራሉ። ጠጪው ብርሌውን ይገለብጣል፣ ነጋዴው በርበሬውን ከጆንያ ሸራ ላይ ይገለብጣል፣ ወታደር መንግሥት ይገለብጣል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ ስብሰባ ውሎ ይመጣ ነበር፤ ስነግረው ደግሞ «ሙቀቱ ያው ነው» ይለኛል። የተናገርሁትን ገልብጦ የሚያወራብኝም አላጣሁም። የፈረስ ጋሪ ሲገለበጥ አይቻለሁ፤ ባጃጅ ሲገለበጥ እኔው ውስጡ ነበርሁ። ታንኳ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገጠመኝ፤ ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ የመጀመሪያ ምድቤ ብር ከሚባለው ወንዝ ማዶ ያለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ሆነች። የቀበሌዋን ስም ልተወው፤ የሰዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች አሁንም እዚያው አሉ። ከፍኖተ ሰላም ወጥቶ ወንዙ ዳር ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። በበጋ ቀሚስ ሰብሰብ አድርጎ መሻገር ነው፤ ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ግን ያ ወንዝ ሌላ ወንዝ ይሆናል። ቀይ አፈር ይዞ፣ ግንድ እየነቀለ፣ ድምፁ ገና ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ ይሰማችኋል። የአስፋልቱ ድልድይ ሩቅ ነው፤ በእርሱ ልዙር ያለ ሰው መንገድ ላይ ማደር ነበረበት። ስለዚህ በክረምት እዚህና እዚያ ማዶ ያለ ዘመድ እየተጠራራ ደህንነቱን ይጠያየቃል እንጂ አይገናኝም ነበር።

እኔ ከመመደቤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እንየው የሚባል ሰው መጥቶ ታንኳ ሠራ። እንየው ከጣና ዳር ነው የመጣው። በእርሱ አገር ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ የብርን ጉልበት ካየ በኋላ ግን ደንገሉን ትቶ ዋንዛ አስቆረጠ። ሳንቃ በሳንቃ ገጥሞ፣ ስንጥቁን በጨርቅና በቅጥራን ደፍኖ፣ አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ ታንኳ አቆመ። በወዲህ ዳር ካለው ሾላ በወዲያ ዳር ወዳለው ሾላ ወፍራም ገመድ ወጠረ፤ ታንኳውን ውኃው እንዳይወስድበት ይህን ገመድ በእጁ እየሳበ ሰው ያሻግራል። የገበሬ ማኅበሩም ወንዙ ዳር ጎጆ የሚቀልስባትና ትንሽ የሚዘራባት መሬት ሰጠው። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፤ ሰው እስካሻገረ ድረስ መሬቷ የእርሱ ናት፣ ማሻገሩ ከተወሰደበት መሬቷም ትወሰዳለች። እንየው እዚያች መሬት ላይ በርበሬ ተከለ፤ ሽታዬ የምትባል የማዶ ልጅም አገባ። እኔ ስደርስ ሽታዬ ነፍሰ ጡር ነበረች።

እንየው ወሬ የማያበዛ፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ እጁ እንደ ገመዱ የሻከረ ሰው ነበር። ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም አይበልጥም። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። ታንኳው ላይ የተቀመጠ ሰው ዳር ደርሶ እስኪወርድ ድረስ ከሳንቃው አይነሣም። በተሳፈርን ቁጥር ገመዱን ከመጨበጡ በፊት ፊታችንን አንድ በአንድ አይቶ፣ «እዚህ ላይ ትልቅም ትንሽም የለም፤ ሁሉም ቁጭ» ይላል። ከዚያ በኋላ ማዶ እስክንደርስ ሌላ ቃል አይወጣውም።

ይህ ንግግሩ አልተወደደለትም። ለምን እንዳልተወደደ የሚገባው ያን አገር በዚያን ጊዜ ያየ ሰው ነው። ትልቅ ሰው ሲመጣ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ይላል፤ «ኖር» ይላል። እርሳቸው «በእግዜር» ብለው በእጃቸው ተቀመጡ እስኪሉ ድረስ ማንም አይቀመጥም። እጅህ ወጥ ቢሆን ትነሣለህ፤ ወገብህን ቢያምህ እያቃሰትህ ከመደቡ ከፍ ትላለህ። ልጅ የምታጠባ ሴት እንኳ ልጇን ከነጡቷ ይዛ ትነሣለች። ያልተነሣ ሰው ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል። እንግዲህ ማን እንደወለደው የማይታወቅ የሰው አገር ሰው መጥቶ ለአባት አትነሡ ሲል ምን እንደሚባል አስቡት። ስድ ነው ይሉታል። ስድ ነው እያሉም ይሳፈሩበታል።

እኔም ብሆን በዚሁ ነገር ገና በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ተይዣለሁ። የትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ጉቶ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ስም ስመዘግብ የኔታ በኋላዬ መጥተው አለፉ። የኔታ የአጥቢያው የቅኔ መምህር ናቸው፤ የዚያ አገር ወንድ ሁሉ፣ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ጨምሮ፣ ፊደል የቆጠረው በእርሳቸው እግር ሥር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ቀና ስል አልፈው ሄደዋል። ሠርክ ላይ ቤት ያከራዩኝ እማማ ደብሬ እንጀራ እያቀረቡልኝ፣ አገሩ ሁሉ አስተማሪዋ ለየኔታ አልተነሣችም እያለ መሆኑን ነገሩኝ። ከተማ ፊደሉን አስተማራት እንጂ አላሳደጋትም ተብያለሁ። እናትና አባቴ የሌሉበት አገር ላይ አሳዳጊ ስሰደብ እንባዬ መጣ፤ እንጀራውም አልተበላም። በሚቀጥለው ጊዜ የኔታን ባየሁ ቁጥር ከሰው ሁሉ ቀድሜ እንደምነሣ ለራሴ ቃል ገባሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው፤ ስም ከማጣት ነፍስ ማጣት ይሻላል የሚመስልበት ዕድሜ ነው።

መስከረም በገባ በዚያ ሰሞን ዓርብ ዕለት የዓመቱን መማሪያ መጻሕፍት ከፍኖተ ሰላም አምጥቼ እመለስ ነበር። ያን ጊዜ አንድ መጽሐፍ ለስድስት ልጅ ነበር የሚደርሰው፤ እኔ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ሰዎች እግር እግራቸው እያልሁ ለምኜ ሁለት ጆንያ ሙሉ አሰጥቼ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሁለት ገበሬዎች ጆንያዎቹን በአህያቸው ጫኑልኝ። የጾም ቀን ስለሆነ ቁልቁለቱ አናት ላይ ተቀምጠን የተቀቀለ ድንች በጨውና በአዋዜ በላን፤ ቅርፊቱን ለአህያዋ ሰጠናት። አደይ አበባው ገመገሙን አልብሶታል። ደስ ብሎኝ ነበር። ልጆቹ መጽሐፉን ሲያዩ የሚሆኑትን እያሰብሁ ነበር የምሄደው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ዐሥር ሰዓት ግድም ሆኗል። አህያዋን እዚያው ትተን ጆንያዎቹን ታንኳው ላይ አስገባን። አሥራ አንድ ሰው ሆንን። ከመካከላችን አንዲት መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ እንበላቸው፣ ፊታቸው የተጨማደደ፣ ሲናገሩ የሚያስቁ ሴት ናቸው። አስናቀው የሚባል የጨው ነጋዴም ነበር። እንየው እንደ ወትሮው ፊታችንን አይቶ «ሁሉም ቁጭ» አለና ገመዱን ያዘ። ውኃው ከጎን እየገፋን፣ ገመዱ እየተንቋቋ፣ ቀስ እያልን ሄድን። እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። እኔ ጆንያዎቼን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

ማዶ ልንደርስ ሰባት ስምንት ክንድ ሲቀረን፣ ውኃው ታጥፎ ጉልበቱን የሚያወጣበት ቦታ ላይ፣ ቀና ስል የኔታ ዳር ካለው አለት ላይ ቆመዋል። ጥላ ዘርግተዋል፤ መቋሚያቸውን ይዘዋል፤ ከኋላቸው ሁለት ደቀ መዛሙርት አሉ። ተራቸውን ሊሻገሩ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ምንም አላሰብሁም። «ኖር የኔታ» ብዬ ብድግ አልሁ።

እኔ ስነሣ ሌላው ቁጭ ብሎ ይቅር? ስሟ የጠፋ የከተማ ልጅ እንኳ ተነሥታለች። አስናቀው ተነሣ፤ ሁለቱ ገበሬዎች ተነሡ፤ እማሆይም ዓይናቸውን ገልጠው ጎንበስ ብለው ተነሡ። ታንኳው ሙሉ ሰው ባንድ ጊዜ ወደ አለቱ ፊቱን አዙሮ ቆመ። እንየው «ቁጭ» ሲል ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቀዝቃዛውን ውኃና በአፌ የገባውን አፈር ነው።

ከውኃው መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ። እንየው በአንድ እጁ ገመዱን እንደያዘ በሌላው ሹሩባዬን ጨምድዶ ጎተተኝና ለደቀ መዛሙርቱ አቀበለኝ። ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። የኔታ መቋሚያቸውን ዘርግተው አንዱን ገበሬ በእርሱ ጎተቱት። እማሆይ ታንኳው ሥር ገብተው ስለነበር እንየው ገመዱን ለቅቆ ሁለት ጊዜ ጠለቀ፤ በሁለተኛው ይዟቸው ወጣ። ትንፋሽ አልነበራቸውም። ደረታቸውን ተጫነ፣ ገልብጦ ውኃውን አስወጣ፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ ሳሉና ተነፈሱ። አሥራ አንዳችንም ተርፈን ነበር። የአስናቀው ጨው ሟሟ፤ መጻሕፍቴ ጆንያው ተፈትቶ አንድ በአንድ እየተንሳፈፉ ቁልቁል ይሄዳሉ።

የሚቀጥለውን ለመናገር ዛሬም ይከብደኛል። ሰው ትንፋሹ መለስ ሲልለት አስናቀው እንየው ላይ ጣቱን ቀስሮ «ገደልኸን እኮ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ታንኳው አርጅቷል አሉ፤ ገመዱ ላልቷል አሉ። እንየው ከነውኃው፣ እጁ ደምቶ፣ አለቱ ሥር ተቀምጦ እኔን አየኝ። ምን እንደሚጠብቅ ገብቶኛል። ተነሥተን ነው ብዬ፣ ቀድሜ የተነሣሁት እኔ ነኝ ብዬ እንድናገርለት ነው። እኔ ቀሚሴን እየጨመቅሁ መጻሕፍቱን ወደ ታች ሲወርዱ አየሁ። የኔታ ጋቢያቸውን እማሆይ ላይ ደርበው ቆመዋል፤ እርሳቸውም ምንም አላሉም።

ቅዳሜ ጠዋት ገመዱ ተፈትቶ፣ ታንኳው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ዳር ላይ ተጥሎ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ጠራ። ማሻገሩ ከእንየው እንዲወሰድና መሬቷንም እንዲለቅ ነገሩ አስቀድሞ ያለቀ ይመስል ነበር፤ ለአንድ ጎረምሳ ቦታዋ ታስባለታለች ሲባልም ሰምቻለሁ። ሽታዬ ምንጭ ወርዳ ሴቶቹ ፊታቸውን እንዳዞሩባት እማማ ደብሬ ነገሩኝ። ሆዷ ገፍቷል፤ እንስራዋን የሚያሸክማት እንኳ አልተገኘም። ያን ስሰማ ነጠላዬን ለብሼ እስከ ጎጆዋቸው ልሄድ ወጣሁ፤ በርበሬው ማሳ ጫፍ ደርሼ ተመለስሁ።

ለምን ተመለስሽ ብትሉኝ ምክንያት አላጣም። ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስሁም፤ መጻሕፍቱን ባጠፋሁ ላይ በራሴ ጥፋት ነው ብል የሚከተለው ይታየኛል። ለየኔታ በመነሣታችን ነው ማለት ደግሞ ጥፋቱን በየኔታ ላይ ማላከክ ነው የሚመስል፤ ለዚህ ነው ከአሥራ አንዱ ማንም አፉን ያልከፈተ። ከሁሉ በላይ ግን ያች ያገኘኋት ስም አሳስታኛለች። ቅዳሜ ዕለት የማያውቁኝ ሰዎች ሳይቀሩ እየተነሡ ሰላም ይሉኝ ነበር። ውኃ ውስጥ ሆና እንኳ ለአባት የተነሣች፣ እየተባልሁ ነበር። አያችሁት እንግዲህ፣ አገሩ ሁሉ መነሣቴን ያውቃል፤ በአንድ አፉ እርሱን ያወራል፣ በሌላው እንየውን ይከሳል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ጠፋ።

እሑድ ሰው የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጅ ላይ ተሰበሰበ። እኔን እንግዳ ነሽ ብለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ሊቀ መንበሩ ተሳፋሪዎቹን ተራ በተራ ጠየቀ። አንዱ ታንኳው ያፈስ ነበር አለ። አንዱ ገመዱን አላጠበቀውም አለ። አስናቀው ተነሥቶ እንየው ያን ቀን አረቄ ገልብጦ ነበር አለ። ይህን ሲል ሁለት ሦስት ሰው አንገቱን ደፋ፤ እንየው መጠጥ እንደማይቀምስ የማያውቅ የለም። የተቀሩት ታንኳው ተገለበጠ፣ ሌላ አላወቅንም ብለው ተቀመጡ። እማሆይ አልመጡም፤ ገና ተኝተው ነበር። እንየው ሲጠየቅ ታንኳው ደህና ነው፣ ገመዱም ደህና ነው፣ ሌላውን የተሳፈረ ይናገር አለ። ሽታዬ ከአጥሩ ውጭ ቆማ በእንጨቶቹ መካከል ታያለች።

ሊቀ መንበሩ እጅ ሊያስወጣ ሲል የኔታ ከቤተ ክርስቲያን መጡ። «ኖር» አለ ሕዝቡ፤ ተነሣ። እኔ አልተነሣሁም። ቆርጬ አልነበረም ብል ይሻላል፤ እግሬ እምቢ አለኝ። አግዳሚው ላይ ብቻዬን ቀረሁ፤ ሰው ሁሉ ከላይ ያየኛል። 

«ምነው አስተማሪ፣ አሞሻል?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«አላመመኝም» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ዓርብ ዕለት እንዲህ ብነሣ ነው ሰው ልገድል የነበረው። ተቀመጡ ተብለን ነበር። መጀመሪያ የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ እነርሱ እኔን ተከትለው ነው። ታንኳውን የገለበጥሁት እኔ ነኝ እንጂ እንየው አይደለም።»

ማንም አልተቀመጠም፤ የኔታ ተቀመጡ አላሉማ። አንድ ሽማግሌ በጥፋቷ ላይ የኔታን ልትጨምር ነው ብለው ሊቆጡኝ ጀመሩ። የኔታ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ተደገፉበትና፣ እንደ ልማዳቸው በማይሰማ ድምፅ ተናገሩ፤ ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው አዘነበለ።

«እውነቷን ነው። ቆሜ አይቻችኋለሁ። እርሷ ስትነሣ ቁጭ በሉ ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። ውኃ ላይ ሆናችሁ እንኳ ስትነሡልኝ ደስ አለኝ። ዛሬ ያስቀደስሁት ከውጭ ቆሜ ነው፤ ለመግባት ድፍረት አጣሁ። ይህ ሰው መሬቱን ቢለቅ እኔም ደብሩን እለቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ እጅ ማውጣት አላስፈለገም። ማሻገሩም መሬቷም የእንየው ሆነው ቀሩ። አስናቀው የሚያደርገው ቢያጣ ሮጦ ገመዱን ከሚወጥሩት ጋር ተሰለፈ፤ ታንኳው በዚያው ቀን ወደ ውኃው ተመለሰ። ሽታዬን ሁለት ሴቶች ደግፈው ወደ ቤቷ ወሰዷት። እኔ እንባና ሳቅ ተቀላቅሎብኝ ነበር፤ ሸክሜ የወረደ መሰለኝ። መጻሕፍቱን በተመለከተ ከወር በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ግልባጩም ማኅደሬ ውስጥ ገባ። ያም ቢሆን የፈራሁትን ያህል አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ከክፍል በፊት እንየውን ይቅርታ ልጠይቅ ወንዝ ወረድሁ። ታንኳውን ዳር ስቦ፣ ጎንበስ ብሎ ስንጥቅ በቅጥራን ይደፍናል። የምለውን ሁሉ አልሁት፤ አያ እንየው፣ ፈርቼ ነው፣ ልጅ ሆኜ ነው አልሁ። ሥራውን ሳያቆም ሰማኝ። ስጨርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም።

«መጀመሪያ ያወጣሁት አንቺን ነበር» አለኝ። ተመልሶ ወደ ስንጥቁ ጎነበሰ።

ወንዙ እስኪጎድል ድረስ አሻገረን። እንደ ድሮው «ሁሉም ቁጭ» ይላል፤ ሰውም ይሰማዋል፤ የኔታ ራሳቸው ዳር ቆመው ታንኳው ሲመጣ ካዩ ፊታቸውን ወደ ዛፉ ያዞሩ ነበር። ጥቅምት ላይ ሽታዬ ወንድ ልጅ ወለደች። ኅዳር ላይ እንየው በርበሬውን ለቅሞ ጨረሰና ታንኳውን ሳንቃ በሳንቃ ፈታው። ሊቀ መንበሩ ለመነው፤ ሽማግሌ ተላከበት። የኔታ እንኳ ጎጆው ድረስ ሄደው ነበር። ቅር አላለኝም፣ ልጄን የምጥልበት ጎረቤት የለኝም ብቻ ነው ያለው አሉ። ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሄደ። ወዴት እንደሄደ ያወቀ የለም፤ ወደ ዱርቤቴ ሲያልፍ ያየው አለ ሲባል ሰማሁ፣ ከዚያ ያለፈ አልሰማሁም።

በሚቀጥለው ክረምት ወንዙ ሞላ። ከወዲያ ማዶ ይመጡ የነበሩት ተማሪዎቼ እስከ ጥቅምት ቀሩ፤ ከእነርሱም ሦስቱ ጨርሶ አልተመለሱም። አንዷ በዚያው ተዳረች። ስም ስጠራ የእነዚያን የሦስቱን ስም እየዘለልሁ ዓመቱን ጨረስሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ድልድይ ተሠራ፤ አሁን ባጃጅ ያልፍበታል።

ቡሬ ተስካሩ ላይ ከምሳ በኋላ ወጣቶቹ ዘመዶቼ ስለ ጀልባው ዜና ሲያወሩ ይህን ነገርኋቸው። አንዷ የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት፣ በዚያ ዘመን ሴት ሆነሽ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት እንዲህ መናገርሽ ብላ እጄን ሳመችኝ። ደፋር ነበርሽ አሉኝ ሌሎቹም። በየጊዜው ስነግረው እንዲህ ነው የሚሉኝ፤ እኔም ለብዙ ዓመት ዝም ብዬ ምስጋናውን ስቀበል ኖሬያለሁ። ቡሬ ላይ ግን አልቻልሁም። አይደለም ልጄ አልኋት፤ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሦስት ቀን ምን አላት አለችኝ። በዚያች ሦስት ቀን ምን እንደነበረ እርሷ እንዴት ትወቅ። እኔ የተናገርሁት እሑድ ነው፤ እንየው የፈለገኝ ዓርብ ነበር።